አሮጌ የሞዴል ሮኬት ኪትና የጅማ እርጥበት

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ አሮጌ የሞዴል ሮኬት ኪት፣ ማለትም በእጅ የሚገጣጠም የትንሽ ሮኬት ክፍሎች ጥቅል፣ ጅማ በገባበት ዕለት አይከፈትም። በኮሎራዶ ወይም በአሪዞና ደረቅ አየር ሃምሳ ዓመት የተኛ ወረቀትና ባልሳ (እጅግ ቀላልና ለስላሳ እንጨት) የሐምሌን እርጥበት በአንዴ ሲጠጣ ቱቦው በመጠቅለያው መስመር ይላቀቃል፣ ስሱ ባልሳ ይጣመማል፣ በውሃ የሚለቀቀው ስቲከር ከገዛ ወረቀቱ ጋር ይጣበቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ፣ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት ላየ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሣጥን። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከ150 እስከ 200 ግራም ሲሊካ ጄል፣ አንድ ርካሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ። በየጫማ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ ከረጢቶች ማጠራቀም ይቻላል፤ ግን አብዛኞቹ እጃችሁ ሲገቡ እርጥበት ጠጥተው ጠግበዋል። ፍሬዎቹን ከከረጢቱ አውጥታችሁ በአሮጌ መጥበሻ ላይ ዘርግቱና 120 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ከ2 እስከ 3 ሰዓት አድርቋቸው። ሰማያዊው ዓይነት ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ሲርስ ሮዝ ነው፤ ቀለሙ ኮባልት ስላለው መርዛማ ነው፣ ያ መጥበሻ ወደ ምግብ አይመለስም። የእንጀራ ምጣድ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አታስቡት። ሩዝና ከሰል የሚመክሩ አሉ፤ ሩዝ ነቀዝ ይጠራል፣ ከሰል ያጠቁራል፣ ሁለቱም የሲሊካን ያህል አይሠሩም።

የምትፈልጉት ንባብ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ65 በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሳል። ከ30 በታች ሲወርድ ደግሞ ካርዱ፣ ማለትም ማሸጊያው ላይ በስቴፕል የተያዘው የታተመ ወረቀት፣ ይጠቀለላል፣ ስቲከሩ ይሰነጠቃል። ኪቱን ሳትከፍቱ፣ ፕላስቲኩን በአንድ ጥግ ብቻ በስታችሁ፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ይቀመጥ። የሚጣደፍ ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተጣመመ ክንፍ ይሰበስባል።

ነፍሳት ከጠረጠራችሁ፣ ማለትም በባልሳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳ፣ ደቃቅ ዱቄት ወይም በመመሪያ ወረቀቱ ላይ ብል የላሰው የሚመስል ቦታ ካያችሁ፣ ከሣጥኑ በፊት ፍሪዘር ይቀድማል። ኪቱን በሁለት ድርብ ፕላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አቆዩት። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ስታወጡት ደግሞ ፕላስቲኩ ለ24 ሰዓት አይከፈት፤ ቀዝቃዛ ወረቀት የጅማ አየር ሲነካው እንደ ቢራ ጠርሙስ ያልበዋል።

ምን እንደያዛችሁ ማወቅ

ዕድሜውን ሳያውቁ መነካካት አያዋጣም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ የተጀመረው በነብራስካ፣ ኖርፎልክ፣ ኦርቪል ካርላይል የተባለ ጫማ ሻጭ ከወንድሙ ጋር በ1954 በባሩድ ሞተር የሚበር በፓራሹት የሚመለስ ትንሽ ሮኬት ሲሠራ ነው። ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት መሐንዲስ ያን ይዞ ወደ ንግድ አወጣው፤ ቨርን እስቴስ ደግሞ ሞተሮቹን የሚያመርት "ሜብል" የተባለ ማሽን ሠራ። የእስቴስ ድርጅት በ1958 ዴንቨር ላይ ተቋቁሞ በ1961 ወደ ፔንሮዝ፣ ኮሎራዶ ተዛወረ። በ1969 ዴመን የተባለ ኩባንያ ገዛው። ዋናው ተፎካካሪ የሊ ፒስተር ሴንቹሪ በፊኒክስ፣ አሪዞና ነበር፤ እሱም ኋላ በዴመን ሥር ገብቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስሙ ጠፋ።

ይህ ታሪክ የሚጠቅመው ካርዱንና መመሪያውን ስታነቡ ነው። አድራሻው ፔንሮዝ ካለ ከ1961 ወዲህ ነው። የአሜሪካ የፖስታ ዚፕ ኮድ የተጀመረው በ1963 ስለሆነ፣ 81240 የሚለው ቁጥር ከታየ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ታትሟል። ዴመን የሚል ስም ካለ ከ1969 በፊት ሊሆን አይችልም። "አስትሮን" የሚለው ቅጥያ በስሙ ፊት ሲኖር የ1960ዎቹ ሽታ አለው። መመሪያው የሚመክረው ሞተር ኤ8-3 ሳይሆን በመካከሉ ነጥብ ያለበት ኤ.8-3 ከሆነ፣ ጉልበት በፓውንድ ይለካ ከነበረበት ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት ካለው ዘመን ነው። የካታሎግ ቁጥሩም ይናገራል፤ አልፋ የተባለው የእስቴስ ሮኬት መጀመሪያ ኬ-25 ነበረ፣ በ1970ዎቹ 1225 ሆነ፤ ቢግ በርታ የተባለችው ከኬ-23 ወደ 1223 ሄደች።

አንድ ማጭበርበሪያ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሻጩ ራሱ እንኳ ሳያውቀው። እስቴስ የድሮ ሞዴሎቹን ደጋግሞ ዳግም ስላወጣቸው፣ በአሮጌ ካርድ ውስጥ አዲስ ክፍል፣ በአዲስ ካርድ ውስጥ አሮጌ ክፍል ይገኛል። የክንፉን ጠርዝ አጉሉና እዩት። የተቃጠለ ቡናማ መስመር በሌዘር የተቆረጠ ነው፣ ስለዚህ የቅርብ ነው። የተጨፈለቀና ፀጉር ያወጣ ጠርዝ በብረት ቅርጽ የተመታ የድሮ ሥራ ነው። ያ ፀጉራም ጠርዝ በሚያምረው ሌዘር ፊት ያስቀይማል፤ ግን ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ሲከፈት

የካርዱን ስቴፕል አትጎትቱ። የዛገ ስቴፕል ሲጎተት ካርዱን ይዞ ይመጣል። ከጀርባ እግሮቹን በምላጭ ጀርባ ቀና አድርጋችሁ፣ አንድ በአንድ በፒንሳ አውጡ። በውስጥ ክፍሎቹን ያሰረ የጎማ ላስቲክ ካለ ወዲያው ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ያረጀ ጎማ ይቀልጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ በባልሳና በቱቦ ላይ የማይለቅ ቡናማ ቀለበት ይተዋል። ከኪቱ ጋር የመጣውን የፓራሹት ማሰሪያ ላስቲክም በሌላ ትንሽ ፌስታል ለዩት። ለስላሳ ቪኒል ክፍል ካለ ደግሞ ከጠንካራው የፕላስቲክ አፍንጫ ጋር እንዳይነካካ፤ ቪኒሉን ያለሰለሰው ዘይት እየወጣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ሻጋታ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከቤት ውጭ፣ በማስክ ይጠረጋል። በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ዘሩን ወደ ወረቀቱ ማስገባት ነው። ከጠረጋችሁ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል በትንሹ የነከረ የጥጥ እንጨት በቱቦው ላይ ብቻ፤ የታተመ ካርድና ስቲከር ላይ አልኮል አይነካም።

ከዚያ ስካን። ሁሉንም፤ ካርዱን፣ መመሪያውን፣ የክንፉን ሉህ፣ የወረቀት ሽፋኖችን፣ ስቲከሩን፤ በ600 ዲፒአይ፣ ከጎኑ የብረት ማስመሪያ አስቀምጣችሁ። ማስመሪያው ለጌጥ አይደለም። የአሜሪካ ወረቀት 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእኛ ኤ4 ደግሞ 21 በ29.7። ፎቶ ኮፒ ቤቱ "ወረቀቱ ላይ ይግባ" በሚለው ምርጫ ሲያትመው ሥዕሉ ወደ 97 በመቶ ያንሳል። አሥር ሴንቲ የነበረው 9.7 ይሆናል፤ በዚያ ልክ የተቆረጠ የወረቀት ሾጣጣ ቱቦው ላይ አይገባም፣ ሰውም ቱቦውን ይወቅሳል። በ100 በመቶ እንዲታተም ንገሯቸው፣ ሱቁ ውስጥ እያላችሁም ማስመሪያውን ለኩ።

ስካኑ ካለቀ ትልቁ ውሳኔ ይመጣል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ታሽጎ የቆየ ሙሉ ኪት አይሠራም፣ ይቀዳል። ዋናው ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፣ በስካኑ መሠረት አዲስ ክፍል ተቆርጦ ኮፒው ይሠራል። ድሮ ተሠርቶ የተሰባበረ ሮኬት ሲሆን ብቻ ራሱ ይጠገናል። ሁለት ክፍል የጎደለው ያልተሠራ ኪት መካከለኛ ጉዳይ ነው፤ ስቲከሩ ደህና ከሆነ ለማስቀመጥ፣ ካልሆነ ለመሥራት አደላለሁ።

ስለ ሞተር

በአሮጌ ዕቃ መካከል የቆየ ሞተር ሊገኝ ይችላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የወረቀት በርሜል፣ ባንዱ ጫፍ የሸክላ ቀዳዳ ያለው። በአውሮፕላን ሻንጣ፣ በእጅም ሆነ በጭነት፣ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ላኪው ሳጥኑን ከማሸጉ በፊት እንዲፈትሽ አስቀድማችሁ ንገሩት። እዚህ ደግሞ ባሩድ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። በሕግ ባያስጠይቅ እንኳ ያረጀ ሞተር አይተኮስም፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት ባሩዱ ከወረቀቱ ግድግዳ ይላቀቃል፣ እሳቱ በክፍተቱ ዙሪያውን ይሮጣል፣ ሞተሩ በመግፋት ፈንታ ይፈነዳል። ማስወገጃው ውሃ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ወረቀቱ እስኪፈታና ባሩዱ ጭቃ እስኪሆን ድረስ ተዉት።

ለመደርደሪያ የሚሆን ምትክ በማንኛውም የእንጨት ቶርኖ ቤት ይወጣል። 17.5 ሚሊ ሜትር ስፋት በሉ፤ 18 ካላችሁ አይገባም። ጉምሩክ ላይ ስለ ኪቱ ሲጠይቋችሁ "የወረቀትና የእንጨት ሞዴል፣ ሞተር የሌለው" ብላችሁ ደረሰኙን አሳዩ። በካርዱ ላይ እሳት የሚተፋ ሮኬት ተስሎ እያለ "መጫወቻ ነው" ብቻ ማለት ጥያቄውን ያስረዝመዋል።

ቱቦ

የድሮ ኪቶች ቱቦ በቁጥር ይታወቃል፤ መለኪያዎቹን በቃል መያዝ ይጠቅማል። ቢቲ-20 ውጩ 18.7፣ ውስጡ 18.0 ሚሊ ሜትር ነው። ቢቲ-50 ውጩ 24.8፣ ውስጡ 24.1። ቢቲ-60 ውጩ 41.6፣ ውስጡ 40.5። አልፋ ቢቲ-50 ነው፤ ቢግ በርታ ቢቲ-60፣ ቱቦዋ 45.7 ሴንቲ ሜትር።

የታጠፈ ቱቦ ከውስጥ ይታከማል። የዚያኑ ዓይነት ቱቦ 5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በርዝመቱ ሰንጥቁ፣ ከስንጥቁ ላይ ቀጭን ስትሪፕ አንሱና ጨምቃችሁ አስገቡት። የስትሪፑ ስፋት የውጭና የውስጥ ልዩነት በ3.14 ሲባዛ ነው፤ ለቢቲ-60 ልዩነቱ 1.1 ስለሆነ 3.5 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ብታበዙ ውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ብታሳንሱ ጫፍና ጫፉ ተነባብሮ ከውጭ ጉብታ ይታያል። ኮላውን በቱቦው ውስጥ ቀቡ እንጂ በቁራጩ ላይ አትቀቡ፤ ቁራጩ ላይ ከሆነ ሲገባ ሁሉም ተገፍቶ ጫፍ ላይ ይከመራል። ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አስገቡት። ነጭ ኮላ በወረቀት መካከል በሰከንዶች ይይዛል፤ መሃል መንገድ ላይ ከቆመ ቆመ።

ቱቦው ጨርሶ ካለቀ እዚሁ ይጠቀለላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት 16 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ኮንዲዩት ለቢቲ-20 ቅርጽ ይሆናል። ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቧንቧ ላይ የተጻፈውና የሚለካው ሁልጊዜ አይስማሙም። ከ16 ወደ 18 ለመድረስ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ተራ የ80 ግራም ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 10 ዙር፣ ማለትም 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወረቀት ተጠቅልሎ ይጣበቃል። ከላዩ አንድ ዙር ስስ ፌስታል። በፌስታሉ ላይ 17.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት በውሃ በቀጠነ ኮላ ሦስት ዙር ይዞራል፤ ግድግዳው 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ከዋናው 0.35 ብዙ አይርቅም። ለቢቲ-60 የ40 ሚሊ ሜትር የውሃ ቧንቧ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ወረቀት ይበቃል፤ የቱቦው ግድግዳ ግን አምስት ዙር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ፌስታሉን ሲረሳ ነው። እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቧንቧውን እንደ ቀለበት ጣት ይይዛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኮላው ሲጠነክር ግን ገና ሳይደርቅ ትንሽ አዙራችሁ አላቁት፣ ከዚያ እዚያው ላይ ይድረቅ። በጥር አንድ ቀን ይበቃዋል። በነሐሴ ሦስት።

ክንፍና አፍንጫ

ባልሳ ጅማ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ኪቱን የሚያመጣው ሰው ሁለት ሦስት ሉህ ቢጨምር ክብደቱ ከአንድ ካልሲ አይበልጥም። የ1.6፣ የ2.4 እና የ3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። ከሌለ፣ ለመደርደሪያ እስከሆነ ድረስ፣ ስስ ኮምፔንሳቶ ይተካል፤ ክብደቱ ከጀርባ ስለሚበዛ ማቆሚያው ሰፊ ይሁን። ባልሳ ስትቆርጡ የእንጨቱ መስመር ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። በተቃራኒው የተቆረጠ ክንፍ በጣት ስትነኩት በመስመሩ ይሰበራል፤ በድሮ የተሠሩ ሮኬቶች ላይ ከምታዩት ስብራት ብዙው የዚህ ስህተት ውጤት ነው።

የተሰበረ ክንፍ ስብራቱን አታስተካክሉ፣ አታሹት። ስንጣሪዎቹ እርስ በርስ ስለሚነካከሱ ኮላ ነክታችሁ ሁለቱን በፌስታል ላይ አጋጥሙ፣ ከላይ መጽሐፍ ጫኑበት። ክንፉን ከቱቦው መንቀል ካስፈለገ መገጣጠሚያው ላይ ኮምጣጤ በጥጥ እንጨት ጠብ እያደረጋችሁ ነጩን ኮላ አለስልሱና በምላጭ ግቡ። ጥቂት በጥቂት ነው፤ ቱቦውም ወረቀት መሆኑን የረሳ ሰው ክንፉን ከነ ቱቦው ቆዳ ይገፈዋል።

አዲስ ክንፍ ሲተከል ዙሪያውን በወረቀት ስትሪፕ ለክታችሁ ክፈሉ። የቢቲ-60 ዙሪያ 130.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለአራት ክንፍ በየ32.7፣ ለሦስት በየ43.6 ምልክት። ቀጥተኛ መስመሩን በአሉሚኒየም አንግል፣ አንግል ከሌለ በበር ጉበን ውስጠኛ ጥግ ቱቦውን አስጠግታችሁ አስምሩ። ኮላ በክንፉ ሥር ቀብታችሁ ቱቦው ላይ አሳርፉ፣ አንሱ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይድረቅ፣ እንደገና ስስ ቀብታችሁ ያዙት። በሁለተኛው ዙር በግማሽ ደቂቃ ይነክሳል፣ ቀጥ ብሎም ይቆያል። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፤ ግን ጭሱ በፕላስቲክ አፍንጫና በቀለም ላይ ነጭ ጉም ይተዋል፣ ደግሞ ለሚቀጥለው ጠጋኝ መንቀያ አይተውለትም።

ለአፍንጫ ጅማ የራሷ መፍትሔ አላት። ኮርች፣ በኦሮምኛ ወለንሱ የሚባለው፣ በየአጥሩ የሚበቅለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ፣ እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ነው። በርጩማ የሚጠረብበት ዋንዛ እጅግ ያምራል፤ ግን ለአፍንጫ ከብዶ ሮኬቱን ፊት ፊት ይጥለዋል። ኮርች ጉድለቱ እርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ መጥቆሩና ነቀዝ መውደዱ ነው። ስለዚህ በትንሹ ተከፍሎ ሁለት ሦስት ወር በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ ቶርኖ። ለቶርኖ ባለሙያው የጎኑን ቅርጽ በካርቶን ቆርጣችሁ ስጡት፤ በቃል "እንደ ጥይት" ብትሉት እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ያስባል። ትከሻው ከቱቦው ውስጠኛ ስፋት 0.3 ሚሊ ሜትር ይነስ፣ ምክንያቱም ሲለር (የእንጨት ቀዳዳ የሚሞላ ቅብ) ሲጠጣ ይወፍራል።

የወረቀት ሾጣጣ፣ ከሰፊ ቱቦ ወደ ጠባብ የሚያሸጋግረው፣ በድሮ ኪቶች ላይ አዘውትሮ የሚጠፋ ክፍል ነው። ስካን ከሌለ በሂሳብ ይወጣል። ከቢቲ-60 ወደ ቢቲ-20፣ 60 ሚሊ ሜትር ቁመት እንበል። የሁለቱ ስፋት ልዩነት 22.9፣ ግማሹ 11.45። የዘንባላው ርዝመት 60 እና 11.45 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ተደምረው ሥርወ-ካሬያቸው ነው፤ 61.1። ትልቁ ቅስት ሬዲየሱ 61.1 በ41.6 ተባዝቶ ለ22.9 ሲካፈል 111፤ ትንሹ ከዚያ 61.1 ሲቀነስ 49.9። የቅስቱ ማዕዘን 360 በ20.8 ተባዝቶ ለ111 ሲካፈል 67.5 ዲግሪ። 5 ሚሊ ሜትር ማጣበቂያ ትር ጨምሩ፤ ከ160 እስከ 200 ግራም ካርድ ላይ ቁረጡ። ከመጣበቁ በፊት በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጎተት ጎተት አድርጋችሁ አለስልሱት፤ በደረቁ የታጠፈ ካርድ ክብ ሳይሆን ብዙ ጎን ያለው ይሆናል።

ቀዳዳ መሙላትና ቀለም

የባልሳ ጉድጓድ ካልተሞላ በቀለም ሥር እንደ ፊት መጨማደድ ይታያል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የቤት ዕቃ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ሳንዲንግ ሲለር ላይ የሕፃናት ፓውደር እንደ አጥሚት እስኪወፍር ቀላቅሎ ሦስት አራት ጊዜ መቀባትና በመካከሉ በ320፣ በመጨረሻ በ400 ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ክንፉን በሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ቀቡ፤ ባንድ ጎን የተቀባ ባልሳ ወደ ተቀባው ጎን ይጎብጣል። ሁለተኛው መንገድ ተራ ወረቀት በስስ ኮላ በክንፉ ላይ ማልበስ ነው፤ ለጀማሪ የተሻለው ይሄ ነው፣ ክንፉንም ያጠነክራል። የቱቦውን ጠመዝማዛ መስመር ግን ስቱኮ በውሃ ቀጠን አድርጋችሁ በጣት ሙሉት፣ በ320 እሹ። የቱቦውን የላይኛ አንጸባራቂ ቆዳ አልፋችሁ ፀጉር ካወጣ ቁሙና ሲለር ቀቡበት።

ለቀለም ጅማ ውስጥ እውነተኛው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። በክረምት የተረጨ ቀለም ነጭ ጉም ይለብሳል፤ ቲነሩ ሲተን የቀለሙን ገጽ ያቀዘቅዛል፣ በአየር ያለው እርጥበት እላዩ ላይ ይጤዛል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነርም አላቸው፤ እሱን በስሱ መርጨት ጉሙን ብዙ ጊዜ ያነሳዋል። ካላነሳው ይድረቅና በ600 ታሽቶ ይደገማል።

ከዚህ የባሰው የቀለም ዓይነት መደባለቅ ነው። ከታች ኒትሮ (ቶሎ የሚደርቀው የቲነር ቀለም)፣ ከላይ ሲንቴቲክ (ቀስ ብሎ የሚደርቀው የዘይት ቀለም) ይሆናል። ከታች ሲንቴቲክ፣ ከላይ ኒትሮ ግን ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ይሸበሸባል፤ መፍትሔው እስከ እንጨቱ መላጥ ብቻ ነው። በድሮ በተቀባ ሮኬት ላይ የትኛው እንዳለ ለማወቅ በማይታይ ቦታ ኒትሮ ቲነር የነካ ጥጥ አሳርፉ። ወዲያው ከለቀቀ ኒትሮ ወይም አክሪሊክ ነው፤ ከተሸበሸበ ሲንቴቲክ ነው፤ በላዩ ሲንቴቲክ ብቻ ይሄዳል። ፕላስቲክ አፍንጫ ላይ ይህን ሙከራ አታድርጉ፣ ይቀልጣል። የድሮ ቢጫና ቀይ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይታሽም፤ ሲለር የጠጣውን እንጨት በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት፣ በማስክ።

ሁለት ዙር ፕራይመር፣ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ነጭ፣ ከዚያ ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ሌላ የሚባል የለም፤ የስፕሬይ እጅ በማንበብ አይመጣም።

ስቲከር

መጨረሻ የሚመጣውና ልብ የሚያደማው ይሄ ነው። ሃምሳ ዓመት የቆየ ስቲከር ውሃ ሲነካው እንደ ደረቀ ጭቃ ሊፈረካከስ ይችላል። ስለዚህ የማያስፈልግ ቁራጭ፣ የኩባንያ ቁጥር ወይም ትርፍ መስመር፣ ለሙከራ ቁረጡ። ለብ ባለ ውሃ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ። ሳይሰበር ከተንሸራተተ ዕድለኛ ናችሁ። ከተሰበረ ሉሁን በሙሉ ግልጽ አክሪሊክ ሁለት ጊዜ በስሱ ርጩበት፤ የመጀመሪያው ጭጋግ ብቻ ይሁን፣ ወፍራም ከሆነ ቀለሙን ራሱ ያቀልጠዋል። በማግስቱ እያንዳንዱን ሥዕል ጠርዙን ተከትላችሁ ቁረጡ፣ ምክንያቱም አሁን ሉሁ በሙሉ አንድ ቆዳ ሆኗል።

ቢጫ የሆነ ስቲከር በግልጽ ፕላስቲክ ታሽጎ በመስኮት መስታወት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ሲለጠፍ በቀናት ወይም በሳምንታት ይነጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ፀሐይ። በሐምሌ ብትሞክሩት መስኮቱ ያልበዋል፣ በሣጥን ያዳናችሁትን በመስኮት ታሻግቱታላችሁ።

ከስካን አዲስ ማተም ለሚፈልግ አንድ ችግር አለ፤ ተራ ሌዘር ፕሪንተር ነጭ አያትምም። ነጭ ፊደል በቀይ ቱቦ ላይ ከፈለጋችሁ ዙሪያው ቀይ ሆኖ በነጭ የስቲከር ወረቀት ይታተማል፤ የታተመው ቀይና የተቀባው ቀይ ደግሞ አይመሳሰሉም። እኔ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ስቲከሩን አሳትሜ ቀለሙን ወደ እሱ እንዲጠጋ ማስበጥበጥን እመርጣለሁ። የመኪና ቀለም ቀማሚ ታትሞ የተሰጠውን ናሙና አይቶ ሩብ ሊትር ይበጠብጥላችኋል።

የተጠናቀቀው ሮኬት በውጭ ግድግዳ ላይ አይደገፍም፤ ጅማ ውስጥ የውጭ ግድግዳ በክረምት ይተነፍሳል። 5 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ ከቡና መቁያው ጭስም ራቅ ይበል፤ ዘይቱ በነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ያረጀውን ማሰሪያ በልብስ ሰፊ ላስቲክ፣ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቀይሩ። ዋናው ፓራሹት በሣጥኑ ከዋናው ላስቲክ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በሮኬቱ ውስጥ ከቀይ ስስ ፌስታል በ30 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ስድስት ጎን ይታጠፍ። የሣጥኑ ሲሊካ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ እንደገና ይደርቃል።